ፍላሽሮም ምንድን ነው?

ደሴ ውስጥ ኮምፒውተር የሚጠግኑ ልጆች ጋ ደጋግሞ የሚመጣ ጣጣ አለ። ባትሪው የሞተ ላፕቶፕ ባዮሱን (ማሽኑ ሲበራ መጀመሪያ የሚሠራውን ፕሮግራም) አፕዴት እያደረገ ሳለ መብራት ድርግም ይላል። ከዚያ በኋላ ማብሪያው ሲጫን ፋኑ ይዞራል፣ ስክሪኑ ግን ጨለማ ነው። ራም ቢቀየር፣ ሃርድ ዲስክ ቢቀየር ለውጥ የለም። ችግሩ ያለው ማዘርቦርዱ ላይ ባለች ባለ ስምንት እግር ትንሽ ቺፕ ውስጥ ነው። ባዮሱ የተጻፈው እዚያ ነው።

ፍላሽሮም ይህችን ቺፕ የሚያነብ፣ የሚያጠፋና መልሶ የሚጽፍ ነፃ ፕሮግራም ነው። የሚጫን በተን የለውም። ሊኑክስ ላይ ተርሚናል ተከፍቶ ትእዛዝ ይጻፍለታል። የታመመው ማሽን ስለማይነሳ ሥራው ከሌላ ኮምፒውተር ነው፤ በመሃል ዩኤስቢ ላይ የሚሰካ ፕሮግራመር የሚባል ትንሽ መሣሪያና ቺፗን የሚነክስ ክሊፕ ይገባሉ። ላፕቶፑ ከቻርጀርም ከባትሪም መነቀል አለበት።

ፍላሽሮም መጀመሪያ ቺፗን ማንነቷን ይጠይቃል። የምትመልሰው የመለያ ቁጥር አምራቿንና ዓይነቷን ይነግረዋል። ከዚያ ከአድራሻ ዜሮ ጀምሮ እስከ መጨረሻው ወደ ፋይል ይቀዳል። ባለ 64 ሜጋቢት ቺፕ ከሆነች ፋይሉ 8 ሜጋባይት ይሆናል።

ብዙ ሰው ማንበቡን ይዘለዋል። «ተበላሽቷል እኮ፣ ምን ይነበባል?» ብሎ ከኢንተርኔት ያገኘውን ፋይል ይጭንበታል። ይሄ በጣም ያሳዝነኛል። የተበላሸው ጥቂት ክፍል ብቻ ሊሆን ይችላል። በቀረው ውስጥ የማሽኑ ሴሪያል ቁጥር፣ በብዙ ላፕቶፖች ደግሞ የዊንዶውስ ቁልፍ አለ። የሌላ ማሽን ፋይል ላፕቶፑን ቢያስነሳው እንኳ እነዚህን ይዞ አይመጣም። ባለቤቱ ከፍሎ የገዛው የዊንዶውስ ቁልፍ አብሮ ይጠፋል።

ስለዚህ ሁለቴ ይነበብ። ሁለቱ ፋይሎች በሻ 256 (SHA-256፣ ከፋይሉ ይዘት እንደ አሻራ ያለ ኮድ የሚያወጣ ስሌት) ይመሳከሩ። ከተለያዩ ብዙውን ጊዜ ክሊፑ በደንብ አልያዘም ማለት ነው፤ ይስተካከልና እንደገና ይነበብ። ቢመሳሰሉም አይበቃም፤ ፋይሉ ባይቶቹን አንድ በአንድ በሚያሳይ ፕሮግራም፣ በሄክስ ኤዲተር፣ ተከፍቶ ይታይ። ከዳር እስከ ዳር ኤፍኤፍ (FF፣ የባዶ ባይት ምልክት) ብቻ ከሆነ የተቀዳ ነገር የለም።

ቮልቴጁ ደግሞ አይዘንጋ። ብዙዎቹ ቺፖች በ3.3 ቮልት ይሠራሉ፣ አንዳንዶቹ ግን 1.8 ብቻ ነው የሚችሉት። እነሱ ቮልቴጁን ዝቅ የሚያደርግ አዳፕተር ያስፈልጋቸዋል። ቺፗ ላይ ያለውን ጽሑፍ በስልክ ካሜራ አጉልቶ አንብቦ ዳታሺቷን (አምራቹ ስለ ቺፗ ያወጣውን መግለጫ) መፈለግ ነው፤ ክሊፑ የሚነክሳት ከዚያ በኋላ ይሁን።