በማዳበሪያ ከረጢት ላይ 7 ቁጥር ምን ማለት ነው?

በባሕር ዳር ዙሪያ፣ በሜጫም ሆነ በፎገራ፣ ገበሬው በሚረከበው የኤንፒኤስ (ናይትሮጅን፣ ፎስፈረስና ድኝ የያዘ) ማዳበሪያ ስያሜ ውስጥ 19-38-7 የሚሉ ቁጥሮች አሉ፤ ብዙዎችን የሚያደናግረው የመጨረሻው ነው። 7 የድኝ (ሰልፈር) ድርሻ በመቶኛ ሲሆን፣ በአንድ የ50 ኪሎ ከረጢት ውስጥ 3.5 ኪሎ ድኝ አለ ማለት ነው። በዚሁ ስሌት 9.5 ኪሎ ናይትሮጅን ይገኛል፤ 38 ግን ንጹሕ ፎስፈረስን ሳይሆን ከኦክሲጅን ጋር የተዋሐደውን ስለሚያመለክት፣ ንጹሑ ከ8 ኪሎ ብዙም አይዘልም። ይህ ልዩነት ለገበሬው በግልጽ ሊነገረው ይገባል ብዬ አምናለሁ።

ድኝ የአቶም ቁጥሩ 16 የሆነ ንጥረ ነገር ነው፤ ተክል ፕሮቲን ለመሥራት ይፈልገዋል፣ የነጭ ሽንኩርት ሽታም የሚመነጨው ድኝ ካለባቸው ውሁዶች ነው። ሲጎድል ቢጫነቱ በቅድሚያ በለጋ ቅጠሎች ላይ ይታያል፤ የናይትሮጅን እጥረት ግን ከታችኞቹ አሮጌ ቅጠሎች ስለሚጀምር፣ ናይትሮጅን ሰጪውን ዩሪያ ከመጨመር በፊት ተክሉን ከላይ እስከ ታች ማየት ይበጃል።

በድኝ ንግድ ገንዘቡን ለማዋል የሚያስብ ሰውም አንድ ነገር ሊያጤን ይገባል። ዛሬ በዓለም ገበያ የሚሸጠው ድኝ በአብዛኛው ነዳጅ ዘይትና የተፈጥሮ ጋዝ ሲጣሩ የሚወጣ ተረፈ ምርት ነው፤ ማጣሪያው ደግሞ ለድኝ ሲል ሥራውን ስለማይጨምር፣ ዋጋው ቢወደድም አቅርቦቱ ወዲያው አያድግም። ዋነኛው ተጠቃሚ ድኙን ወደ ሰልፈሪክ አሲድ ቀይሮ የፎስፌት ድንጋይ የሚያሟሟበት የማዳበሪያ ኢንዱስትሪ በመሆኑ፣ የድኝ ዋጋ ሲንር የፎስፌት ማዳበሪያ የማምረቻ ወጪም አብሮ ይንራል።