ባክፖርት ምንድን ነው? የአንድ እርማት ጉዞ በሊኑክስ ከርነል ውስጥ

በአንድ ሶፍትዌር አዲስ ስሪት ላይ የታረመን ስህተት፣ ሰዎች አሁንም በሚገለገሉባቸው የቆዩ ስሪቶች ላይም እንዲታረም እርማቱን ወደ ኋላ መውሰድ ባክፖርት ይባላል። በሰርቨሮች ላይም ሆነ በኪሳችን ባለው የአንድሮይድ ስልክ ውስጥ የሚሠራው የሊኑክስ ከርነል (የሥርዓተ ክወናው እምብርት)፣ የሊኑክስ ፈጣሪ ሊነስ ቶርቫልድስ ሰሞኑን ያወጣው ሳይሆን ብዙ ጊዜ ከዓመታት በፊት የወጣ ስለሆነ፣ ስህተቱ በአዲሱ ላይ በመታረሙ ብቻ የአሮጌው ተጠቃሚ የሚያገኘው ጥቅም የለም።

ይሁን እንጂ ጉዞው ከአሮጌው አይጀምርም። የከርነሉ ማኅበረሰብ አጥብቆ የያዘው ደንብ፣ ማንኛውም እርማት አስቀድሞ ሜይንላይን በሚባለው በቶርቫልድስ ዋና ኮድ ውስጥ መግባት አለበት የሚል ነው። ለተቸገረ ተጠቃሚ ይህ መንገድ ረጅም ይመስላል፤ እኔ ግን ትክክለኛው ይህ ነው እላለሁ፤ ምክንያቱም በአሮጌው ላይ ብቻ የተጠገነ ስህተት፣ ተጠቃሚው ወደ አዲሱ ስሪት በተሸጋገረ ዕለት ተመልሶ ይጠብቀዋል።

እርማቱን ለማን መላክ እንደሚገባ የሚወስነው በኮዱ ውስጥ የተቀመጠ ሜንቴይነርስ የተባለ ፋይል ነው፤ የትኛው የኮድ ክፍል በማን ኀላፊነት ሥር እንዳለ በዝርዝር ይናገራል፣ አብሮት ያለው ስክሪፕትም (አነስተኛ ፕሮግራም) ፓቹን፣ ማለትም እርማቱን የያዘውን የኮድ ለውጥ፣ አንብቦ የተቀባዮቹን የኢሜይል አድራሻ ያወጣል። ለምሳሌ የአንድ ዋይፋይ ድራይቨር (መሣሪያውን የሚያሠራው ኮድ) እርማት መጀመሪያ ወደ ዋይፋይ ክፍሉ ኀላፊ፣ ከዚያም ወደ ጠቅላላው የኔትወርክ ክፍል፣ በመጨረሻም ወደ ቶርቫልድስ ይደርሳል።

ከፓቹ ማብራሪያ ግርጌ ያሉትን አጫጭር መስመሮች ልብ ብሎ ላየ፣ የጉዞው መታወቂያ እዚያ ተጽፎ ያገኘዋል። አንዱ መስመር ስህተቱን ማን እንደጠቆመ፣ ሌላው እርማቱን በራሱ ማሽን ላይ ማን እንደሞከረው ይናገራል። ፊክስስ የሚለው መስመር ደግሞ ስህተቱን መጀመሪያ ያስገባውን ለውጥ በመለያ ቁጥሩ የመጀመሪያ 12 ፊደላትና አኀዞች ይጠቅሳል። ይህን ጥፋተኛ ለውጥ ለማግኘት ጊት ባይሴክት የተባለው መሣሪያ የለውጦቹን ታሪክ በየጊዜው ለሁለት እየከፈለ ያስሞክራል፤ 10 ሺህ ለውጦች ቢኖሩ እንኳ ወደ 14 ሙከራ ይበቃል። የባክፖርቱ ሥራ የተመሠረተው በዚህ መስመር ላይ ነው፤ ጥፋቱ የገባው በየትኛው ስሪት እንደሆነ ካልታወቀ፣ እርማቱ የትኞቹን አሮጌ ስሪቶች እንደሚመለከት ማወቅ ያስቸግራል።

እርማቱ ሜይንላይን ከገባ በኋላ ወደ ስቴብል ስሪቶች፣ ማለትም ከወጡ በኋላ በዋናነት እርማት ወደሚጨመርባቸው ስሪቶች፣ የሚወስዱት ግሬግ ክሮህ ሃርትማን እና ሳሻ ሌቪን ናቸው። ደንቡ ፓቹ ትክክለኛነቱ የሚታይና የተሞከረ፣ ከለውጡ በላይና በታች አብረው ከሚታዩት መስመሮች ጋር ከ100 መስመር ያልበለጠ እንዲሆን ይጠይቃል፤ የፊደል ግድፈት ማረምን የመሰለ ጥቃቅን ነገር ቦታ የለውም። የተመረጡት ፓቾች ስሪቱ ከመውጣቱ በፊት በአብዛኛው ለ48 ሰዓት ያህል ለሙከራ ይቀርባሉ፤ በዚያ ጊዜ ከርነል ሲአይን የመሳሰሉ ሥርዓቶች በተለያዩ ማሽኖች ላይ እያስነሡ ይፈትሿቸዋል። በአሮጌ ልብስ ላይ የሚጣፍ አዲስ እራፊ ቀዳዳውን እንዳያሰፋው መጠንቀቅ ማለት ይህ ነው፤ በአዲሱ ኮድ ላይ በትክክል የሠራ እርማት፣ በአሮጌው ውስጥ የሌለ ፈንክሽን (በስሙ የሚጠራ የኮድ ክፍል) ይጠራ ይሆናል። ፓቹ አልገጥም ካለ ለጸሐፊው የአለመሳካት መልእክት ይላክለታል፤ ለዚያ ስሪት አስማምቶ የማዘጋጀቱ ሥራ የእሱ ወይም የሌላ ፈቃደኛ ይሆናል።

ሙከራው ለምን ይህን ያህል እንደሚያስፈልግ ደርቲ ካው በሚል ስም የታወቀው ስህተት በደንብ ያሳያል። ስህተቱ ተራ ተጠቃሚ ሊያነበው እንጂ ሊጽፍበት በማይፈቀድለት ማህደረ ትውስታ ላይ እንዲጽፍ፣ በዚያም የማሽኑ ባለሙሉ ሥልጣን እንዲሆን መንገድ ይከፍት ነበር። ቶርቫልድስ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2005 ሊያርመው ሞክሮ ነበር፤ ነገር ግን እርማቱ ኤስ 390 በተባሉት የአይቢኤም ትላልቅ ኮምፒውተሮች ላይ ችግር በመፍጠሩ ከኮዱ እንዲወጣ ተደረገ። በዚያን ጊዜ በሐሳብ ደረጃ ብቻ ያለ ይመስል የነበረው ክፍተት ከዓመታት በኋላ በቀላሉ የሚቀሰቀስ ሆነ፣ በአጥቂዎችም እጅ ገባ። በኦክቶበር 2016 እንደገና፣ በዚህ ጊዜ ኤስ 390ንም በማይጎዳ መንገድ ሲታረም፣ 4.8.3፣ 4.7.9 እና 4.4.26 የተባሉት ስቴብል ስሪቶች እርማቱን ይዘው በአንድነት ወጡ። ከእነዚህ ስሪቶች እርማቱን ወስዶ ለደንበኞቹ ያላደረሰ አምራች የሸጣቸው ስልኮች ግን ክፍተቱን እንደያዙ ቀሩ።