ፖከር ለጀማሪ፦ ከፊልም የቀሰምናቸው ሕጎች እና እውነታው

ፖከርን ብዙዎቻችን ያወቅነው በፊልም ነው። ጭስ የሞላበት ክፍል፣ ጥቁር መነጽር ያደረገ ሰውዬ፣ መሃል ላይ የተከመረ ገንዘብ። የቀረውን ከምናውቃቸው የካርታ ጨዋታዎች እየገመትን እንሞላዋለን። ጠረጴዛ ላይ ስንቀመጥ ግን ፊልሙም ግምቱም ጉድ ይሠሩናል።

እዚህ የማወራው ስለ ቴክሳስ ሆልደም ነው። ዛሬ ፖከር ሲባል በአብዛኛው የሚታሰበው እሱ ነው። አጨዋወቱ አጭር ነው። ለእያንዳንዱ ተጫዋች ሁለት ካርታ ተዘግቶ ይታደላል። ከዚያ ለሁሉም የጋራ የሆኑ አምስት ካርታዎች መሃል ላይ ይገለጣሉ። መጀመሪያ ሦስቱ በአንዴ ይወጣሉ፤ ፍሎፕ ይባላሉ። ቀጥሎ አንድ፣ ተርን። በመጨረሻ አንድ፣ ሪቨር። ከፍሎፑ በፊት አንድ የመመደቢያ፣ ማለትም ገንዘብ የማስገቢያ፣ ዙር አለ፤ ከዚያ ከእያንዳንዱ ገለጣ በኋላ አንድ አንድ። በድምሩ አራት ዙር። ተራችሁ ሲደርስ ማንም ካልመደበ ቼክ ብላችሁ ታልፋላችሁ ወይም ትመድባላችሁ። ሰው ከመደበ ደግሞ እኩል ትከፍላላችሁ፣ ትጨምራላችሁ፣ አለዚያም ካርታችሁን ጥላችሁ ትወጣላችሁ። ይኸው ነው።

«ኮንከር ለሚችል ሰው ፖከር ቀላል ነው»

ካርታ መበወዝና ማደል ከቻላችሁ ጥሩ ጅምር ነው። ከዚያ በላይ ግን ብዙም አይረዳም። ኮንከር የለመደ እጅ ጆከር ይጠብቃል፤ ካርታ እያነሳ መጣልም ያምረዋል። ሆልደም ላይ ጆከር የለም፣ 52ቱ ካርታ ብቻ ነው። የደረሷችሁን ሁለት ካርታዎች መቀየርም የለም።

«የያዝኳቸውን ሁለቱንም ካርታዎች መጠቀም አለብኝ»

ጀማሪዎች በጣም የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው። ስለዚህ ረጋ ብለን እንየው። በእጃችሁ ሁለት፣ መሃል ላይ አምስት፣ በድምሩ ሰባት ካርታ አላችሁ። የሚቆጠረው ከሰባቱ ውስጥ ምርጡ አምስት ነው። ሁለቱንም የራሳችሁን፣ አንዱን ብቻ፣ ወይም አንዱንም ሳትጠቀሙ ልትጫወቱ ትችላላችሁ።

እንዲህ እንበል። በእጃችሁ ሁለት 4 ይዛችኋል። መሃል ላይ ኪንግ፣ ኪንግ፣ 9፣ 9 እና ኤስ ወጣ። ጀማሪው ደስ ይለዋል፤ «ሦስት ጥንድ አለኝ!» ይላል። ሦስት ጥንድ የሚባል ነገር የለም። አምስት ካርታ ውስጥ የሚገባው ሁለት ጥንድና አንድ ትርፍ ካርታ ነው። ምርጡ አምስታችሁ ሁለቱ ኪንግ፣ ሁለቱ 9 እና ኤሱ ናቸው። ሁሉም መሃል ላይ ያሉ ናቸው። የ4 ጥንዳችሁ ሞቷል። ፊት ለፊታችሁ ያለው ሰው ክዊንና ጃክ ቢይዝም ያው አምስት ካርታ ነው ያለው። ስለዚህ ገንዘቡን እኩል ትካፈላላችሁ። «እኔ ጥንድ ይዤ እንዴት ከእሱ ጋር እካፈላለሁ?» የሚል ክርክር የሚነሳው እንዲህ ባለ ጊዜ ነው። ስድስተኛና ሰባተኛ ካርታ እኩል የወጡትን ለመለየት በጭራሽ አይታይም።

ግራ መጋባቱ ከኦማሃም ሊመጣ ይችላል። ኦማሃ አራት ካርታ የሚታደልበት ሌላ የፖከር ዓይነት ነው። እዚያ ከእጃችሁ በትክክል ሁለት ካርታ መጠቀም ግዴታ ነው።

«ስፔድ ከልብ ይበልጣል»

አይበልጥም። ሆልደም ላይ አራቱም ምልክቶች እኩል ናቸው። ሁለት ሰዎች ፍላሽ ቢኖራቸው፣ ማለትም አምስት ካርታ በአንድ ምልክት፣ የሚያሸንፈው ትልቁን ቁጥር የያዘው ነው።

«ስትሬት ከፍላሽ ይበልጣል»

አይበልጥም። የትኛው ጥምረት የትኛውን እንደሚበልጥ በቃል መሸምደድ ያሰለቻል። ምክንያቱን ማወቅ ይቀላል፤ ብርቅ የሆነው ይበልጣል። ከ52 ካርታ አምስት አምስት እያደረግን ብናወጣ 2,598,960 የተለያዩ ጥምረቶች አሉ። ከነዚህ ሦስት ተመሳሳይና አንድ ጥንድ ያለበት ፉል ሀውስ 3,744 ብቻ ነው። ፍላሽ 5,108 ነው። በቁጥር የተከታተለው ስትሬት 10,200 ይደርሳል። ሦስት ተመሳሳይ 54,912፣ ሁለት ጥንድ ደግሞ 123,552። ስትሬት ከፍላሽ በእጥፍ ገደማ ይበዛል፤ ስለዚህ ያንሳል።

ኤስ በስትሬት ላይ ሁለት ቦታ ይሠራል። ከኪንግ በላይ ወይም ከ2 በታች። መሃል ላይ ግን ድልድይ አይሆንም። ክዊን፣ ኪንግ፣ ኤስ፣ 2፣ 3 ስትሬት አይደለም።

«ገንዘብ ካነሰኝ ሰዓቴን አስይዛለሁ፣ አለዚያ ተሸነፍኩ»

ፊልም ላይ ሀብታሙ ብዙ ይመድባል፣ ድሃው መክፈል ያቅተዋል፣ የቤት ካርታ ወይም የመኪና ቁልፍ መሃል ላይ ይወረወራል። በእውነተኛው ሕግ ማንም የሚጫወተው ካርታ መታደል ሲጀመር ጠረጴዛው ላይ በነበረው ገንዘብ ብቻ ነው። ከኪስ ማውጣት አይቻልም። ያነሰበት ሰውም አይባረርም። ያለውን ሁሉ ያስገባል፣ ኦል-ኢን ይባላል፣ እስከ መጨረሻው ይቆያል።

ሂሳቡ እንዲህ ነው። አልማዝ 200፣ ሳራ 500፣ ከበደ 800 አላቸው። ሦስቱም ሁሉንም አስገቡ። ከእያንዳንዳቸው 200 ተወስዶ 600 ያለበት ዋና ፖት (መሃል ላይ የሚከማች ገንዘብ) ይሠራል፤ ለሦስቱም ክፍት ነው። ከሳራና ከከበደ ሌላ 300፣ 300 ተወስዶ 600 ያለበት የጎን ፖት ይሆናል፤ ይህ የሁለቱ ብቻ ነው። የከበደ ትርፍ 300 የሚገጥመው ሰው ስለሌለ ይመለስለታል። አልማዝ ካሸነፈች ዋናውን 600 ትወስዳለች። የጎኑን ደግሞ ከሳራና ከከበደ የተሻለው ይወስዳል። ፊልም ሠሪዎች ይህን ሕግ ቢያከብሩ ኖሮ ስንት የልብ ምት የሚያፈጥን ትዕይንት ውኃ በበላው ነበር።

እግረ መንገዳችንን፣ «ያንተን መቶ ከፍያለሁ… ሌላ መቶ ደግሞ ጨምሬያለሁ!» የምትለዋም የፊልም ናት። ካዚኖ ውስጥ ከአፍ የወጣ ቃል ያሥራል። «ኮል» (እኩል እከፍላለሁ) ካላችሁ ኮል ነው፣ ከዚያ በኋላ መጨመር የለም። መጨመር የፈለገ መጀመሪያውኑ «ሬይዝ» ይበል።

«ፖከር ማለት መሸወድ ነው»

ብላፍ፣ ማለትም ደካማ ካርታ ይዞ ጠንካራ እንደያዘ ሰው መመደብ፣ አለ፤ ይሠራልም። የሚሠራው ግን ካርታውን መጣል በሚችል ሰው ላይ ነው። የጀማሪዎች ጠረጴዛ ላይ ደግሞ ማንም መጣል አይወድም። ሁሉም «እስቲ ልየው» ብሎ ይከፍላል። እንዲህ ያለ ቦታ ባዶ ካርታ ይዞ መጀነን ገንዘብ ማደል ነው። ጥሩ ተጫዋቾች ሲታዩ አሰልቺ ናቸው፤ አብዛኛውን ካርታ ገና ከፍሎፑ በፊት ይጥሉታል።

«ሁለት ኤስ ከያዝኩ አልሸነፍም»

ሁለት ኤስ የሚደርሰው በአማካይ ከ221 አንዴ ነው፤ ከዚህ የተሻለ መነሻ የለም። አንድ ሰው ማንኛውንም ካርታ ይዞ እስከ መጨረሻ ቢገጥማችሁ ከ100 ጊዜ 85 ያህሉን ታሸንፋላችሁ። ዘጠኝ ሰው ቢገጥማችሁስ? ወደ 31 ይወርዳል። ኤስ የያዙ ሰዎች ቶሎ የሚጨምሩት ለዚህ ነው፤ ሰው እንዲቀንስላቸው።

«ተራ ሰው ሚሊየነር የሚሆንበት ጨዋታ ነው»

ክሪስ መኒሜከር የሚባል የቴነሲ አካውንታንት በ2003 በትንሽ የኢንተርኔት ውድድር የ10,000 ዶላር መግቢያ አሸንፎ ላስ ቬጋስ ሄደ። የፖከር የዓለም ውድድሩን ዋና ጨዋታ አሸንፎም 2.5 ሚሊዮን ዶላር ወሰደ። እውነት ነው። በዚያ ጨዋታ 839 ሰው ተመዝግቦ ነበር። የሚወራው ስለ አንዱ ነው። ካዚኖ ውስጥም የምትጫወቱት እርስ በርስ ቢሆንም ቤቱ ከየፖቱ ወይም በየሰዓቱ ድርሻውን ይወስዳል። እናም ለመማር ክብሪት እንጨት ይበቃል። ለሁሉም እኩል ቆጥሮ ማካፈል ነው፣ ያለቀበት ይወጣል።

«ሰውዬው ፍላሽ አለኝ ካለ፣ አለው»

መጨረሻ ላይ ካርታ ሲገለጥ ወሬ አይቆጠርም፣ ካርታው ነው የሚናገረው። ፍላሽ አለኝ ያለው ሰው አንዱ ዳይመንድ የልብ ካርታ መስሎት ሊሆን ይችላል። እናንተ ደግሞ አምናችሁት ካርታችሁን ዘግታችሁ ከወረወራችሁ ከተጣሉት ጋር ተደባልቆ ይሞታል፤ አሸናፊ የነበረ ቢሆንም። እስኪያሳያችሁ ጠብቁ። ከዚያ የእናንተንም ሁለቱን ካርታዎች ገልብጣችሁ አስቀምጡና አዳዩ ያንብበው።