ጸሎት የትርፍ ሰዓት ሥራ አይደለም

«ሥራው ረገብ ይበልልኝና እጸልያለሁ።» ድሬዳዋ ላይ ስለ ጸሎት በተነሣ ቁጥር፣ ከታይዋን ገበያ ነጋዴ እስከ ሳቢያን ሰፈር ባጃጅ ነጂ የሚመለሰው መልስ ይኸው ነው። መስማቱ ይሰለቻል፤ ሥራ ረገብ ብሎለት ጸሎት የጀመረ ሰው የለምና። ስህተቱ ጸሎትን ከሥራ በተረፈ ጊዜ የሚደረግ አድርጎ ማሰቡ ነው። ቤተ ክርስቲያን ጸሎትን ያሰረችው በሰዓት ነው። «ሰባት ጊዜ በቀን አመሰግንሃለሁ» ይላል ዳዊት (መዝ. 118፥164)፦ ነግህ ጠዋት 12 ሰዓት፣ ሠለስት 3 ሰዓት፣ ቀትር 6 ሰዓት፣ ተሰዓት 9 ሰዓት፣ ሠርክ 11 ሰዓት፣ ንዋም ከመኝታ በፊት፣ መንፈቀ ሌሊት 6 ሰዓት። በሠለስት መንፈስ ቅዱስ ለሐዋርያት መውረዱ፣ በቀትር ጌታ መሰቀሉ፣ በተሰዓት ነፍሱን አሳልፎ መስጠቱ ይታሰባል። የመጽሐፍ ቅዱሱ ሰዓት እንደ እኛው አቆጣጠር ስለሆነ ማስላት እንኳ አያስፈልግም።

ቅዱስ ጴጥሮስ ኢዮጴ ላይ በ6 ሰዓት ሊጸልይ ወደ ሰገነት ሲወጣ ርቦት ነበር፤ ምግቡም ገና እየተዘጋጀ ነበር (ሐዋ. 10፥9-10)። ድሬም ፀሐዩ ሲበረታ ሱቋን ዘግታ፣ ምሳዋን በልታ ጋደም ትላለች። ምሳ እስኪቀርብ ያለው 5 ደቂቃ ቀትርን ለማድረስ ይበቃል፤ ከእንቅልፍ ተነሥቶ ሱቅ እስኪከፈት ያለው ደግሞ ለተሰዓት። ከሰባቱ ሁለቱን የከተማዋ ልማድ ራሱ ክፍት አድርጎ ያስቀምጥልናል፤ በስልክና በጫት እናሳልፋቸዋለን።

ሌላው የሚወድቀው ጅማሬው ላይ ነው። ከበዓል ማግስት ተነሣሥቶ የዕለቱን ውዳሴ ማርያም፣ መልክአ ማርያም፣ መልክአ ኢየሱስና አንድ ንጉሥ ዳዊት (10 መዝሙር) በአንድ ጊዜ ይይዛል። ሦስት ቀን ይሄዳል። በአራተኛው አምሽቶ ይገባና ጠዋት ያረፍዳል፤ በአምስተኛው «የትናንቱንም ልጨምር» ይላል፤ ዕዳው ሲከመርበት ሁሉንም ይተዋል።

መጀመሪያ ሰዓት ይያዛል፣ መጠን ከዚያ ይከተላል። ለ40 ቀን ነግህን ብቻ ያዙ፦ ፊት ታጥባችሁ፣ ምንም ሳትቀምሱ፣ ስልክ ሳትከፍቱ። ወደ ምሥራቅ ቆማችሁ አማትቡ፤ ከግንባር ወደ ደረት፣ ከግራ ትከሻ ወደ ቀኝ። ከዚያ አቡነ ዘበሰማያት፣ በሰላመ ቅዱስ ገብርኤል፣ ጸሎተ ሃይማኖት፣ መዝሙር 50፣ በመጨረሻ 12 ጊዜ «እግዚኦ መሐረነ ክርስቶስ»። ረጋ ብሎ ለሚያደርሰው 10 ደቂቃ ቢፈጅ ነው። ያመለጠ ሰዓት እንደ ብድር አይከፈልም፤ በሚቀጥለው ሰዓት ቁሙ። ከ40 ቀን በኋላ ምን ልጨምር የሚለውን የንስሐ አባታችሁን ጠይቁ፤ የንስሐ አባት ለለቅሶና ለክርስትና ብቻ የሚፈለግ አይደለም። የጸሎት መጽሐፉ ስልካችሁ ውስጥ ከሆነ ኤርፕላን ሞድ አድርጉት፤ ቴሌግራም ድምፅ ካሰማ መዝሙር 50 እዚያው ይቀራል።

ስለ ጸሎት የሚነሡ ሌሎች አባባሎችም አሉ። «ሥራ ላይ ሆኖ መጸለይ ድፍረት ነው።» ነህምያ የንጉሥ ጠጅ አሳላፊ ነበር። ንጉሡ «ምን ትለምነኛለህ?» ባለውና እሱ መልስ በሰጠው መካከል ወደ ሰማይ አምላክ ጸለየ (ነህ. 2፥4)። ከአንድ ትንፋሽ አይበልጥም። ነጂው ተሳፋሪ እስኪገባ፣ ሻጯ መልስ እስክትቆጥር «አቤቱ ማረኝ» ማለት ይችላሉ። ይህ ግን የነግህን ቦታ አይተካም።

«በግዕዝ ካልሆነ አይደርስም።» በጰራቅሊጦስ ሁሉም በየቋንቋው ነው የሰማው፤ በአማርኛም በኦሮምኛም ጸልዩ።

«በወር አበባ ላይ ያለች ሴት አትጸልይም።» ይህ ብዙ እኅቶችን ያለ ጥፋታቸው ከጸሎት አርቋል፤ ያሳዝናል። ወደ ቤተ መቅደስ አለመግባትና ቤት ውስጥ መጸለይ የተለያዩ ነገሮች ናቸው። ጸሎቷን አታቋርጥ።

«ብዙ መስገድ ሁልጊዜ ይበልጣል።» በቅዳሜ፣ በእሑድና በበዓለ ሃምሳ የንስሐ ስግደት የለም።

«ቁልቢን በዓመት ሁለቴ እሳለማለሁ፣ ይበቃኛል።» ታኅሣሥ 19 እና ሐምሌ 19 ከድሬም ከሐረርም የሚወጣው ሕዝብ እምነቱ እውነተኛ ነው፤ ጃንጥላውም ሻማውም የተወደደ ስለት ነው። ግን ሁለት ቀን የቀሩትን ቀናት አይሸፍንም። ስትሳሉ ከጃንጥላው ጋር «እስከ ሐምሌ ነግህን አላቋርጥም» የሚል ጨምሩበት። በእግር የምትጓዙ፣ ሠርክና ንዋም መንገድ ላይ ይደርሱባችኋል፤ ከአስፋልቱ ወጣ ብላችሁ ወደ ምሥራቅ ዞራችሁ አድርሱ። ስትመለሱ ድካሙ ከባድ ነው፤ የታኅሣሥ 20ን ነግህ ወደ አቡነ ዘበሰማያት ብቻ አሳጥሩት እንጂ አትዝለሉት።