ሌዘር ሾክ ፒኒንግ ምንድን ነው? ስስ ላሜራስ ለምን ያስቸግረዋል?

አሮጌ መኪና የያዘ ሰው ይህን ያውቀዋል። ፓራፋንጎው ብሎኑ ቀዳዳ ዳር ላይ ይሰነጠቃል። ማንም አልገጨውም። መንገዱ ነቅንቆት ነው። ስንጥቁ መጀመሪያ ላይ የፀጉር ያህል ነው፤ ውሎ አድሮ ጥፍር ያስገባል። ጎበዝ ባትላሜራ ታዲያ ከመበየዱ በፊት ስንጥቁ ያለቀበት ቦታ ላይ በድሪል ትንሽ ቀዳዳ ይበሳል። የስንጥቅ ጉልበቱ ሹል ጫፉ ላይ ነው። ጫፉ ክብ ከሆነ ጉልበቱ ይበተናል።

ይህ የብረት ድካም ይባላል። ብረቱን የሚጥለው አንድ ትልቅ ሸክም ሳይሆን ሺህ ጊዜ የተደጋገመ ትንሽ መለጠጥ ነው። አንድ ነገር ልብ በሉልኝ፦ ስንጥቅ የሚያድገው ብረቱ ሲሳብ ነው። ሲጨመቅ አፉን ይዘጋል። የሌዘሩ ጉዳይ ሁሉ የሚነሣው ከዚህ ነው።

ድካም በስስ ብረት ላይ ምን እንደሚያደርስ ዓለም ያየው እ.ኤ.አ. አፕሪል 28 ቀን 1988 ነው። የአሎሃ አየር መንገድ ቦይንግ 737 ሃዋይ ላይ እየበረረ ሳለ የፊተኛው ጣሪያው ተገንጥሎ ሄደ። አንዲት የበረራ አስተናጋጅ ሕይወቷ አለፈ። አውሮፕላኑ ከ89,000 ጊዜ በላይ ተነሥቶ አርፏል። በእያንዳንዱ በረራ የአየሩ ግፊት ገላውን ይነፋዋል፣ ይለቀዋል። ቆዳው ደግሞ ውፍረቱ 1 ሚሊ ሜትር እንኳ አይሞላም። ስንጥቁ የጀመረው እንደ ፓራፋንጎው ሁሉ ከቀዳዳ ዳር፣ ላሜራዎቹን ከሚያያይዙት ሪቬቶች ሥር ነበር።

እና ሌዘር ሾክ ፒኒንግ ምንድን ነው? ባጭሩ ብረትን በፍንዳታ መቀጥቀጥ ነው። ዘዴው የተወለደው አሜሪካ፣ ኦሃዮ ውስጥ በሚገኘው የባቴል የምርምር ተቋም፣ እ.ኤ.አ. በ1960ዎቹ መጨረሻና በ1970ዎቹ ነው።

አሠራሩን ቀረብ ብለን እንየው። ብረቱ ላይ ጥቁር ቀለም ይቀባል ወይም ቴፕ ይለጠፋል። ከላዩ ስስ ውኃ ይፈስበታል። ከዚያ ሌዘሩ ይተኮሳል። የሚቆየው 20 ናኖ ሰከንድ አካባቢ ነው፤ አንድ ናኖ ሰከንድ የሰከንድ ቢሊዮንኛ ነው። ብርሃን በሰከንድ 300,000 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ ሆኖ በዚህች ጊዜ የሚሄደው 6 ሜትር ብቻ ነው፤ ከአንድ ክፍል ግድግዳ እስከ ግድግዳ እንደማለት። ጨረሩ ውኃውን አልፎ ቀለሙን ያገኘዋል። የቀለሙ ገጽ በቅጽበት ተኖ ፕላዝማ፣ ማለትም እጅግ የጋለና ኤሌክትሪክ የሚያስተላልፍ ጋዝ፣ ይሆናል። ፕላዝማው ሊፈነዳ ሲል ውኃው ከላይ ያፍነዋል። መውጫ ሲያጣ ወደ ታች፣ ወደ ብረቱ ይገፋል። ግፊቱ ከአየር ግፊት በአሥር ሺዎች እጥፍ ይበልጣል።

ብዙ ሰው ሌዘር ሲባል መቁረጥና ማቅለጥ ይመስለዋል። እዚህ ግን ሙቀቱን የሚቀበለው ቀለሙ ነው። ብረቱ ጋ የሚደርሰው ምቱ ብቻ ነው፤ እሱም የግፊት ሞገድ ሆኖ ወደ ውስጥ ይገባል።

ሞገዱ ሲያልፍ የላይኛው ሽፋን ተደቁሶ ወደ ጎን ሊሰፋ ይፈልጋል። ዙሪያው ያለው ብረት አያሰፋውም። ለሦስት ሰው በተሠራ የሚኒባስ ወንበር ላይ አራተኛ ሲጨመር አስቡት። ሁሉም ተጣብቆ፣ ትከሻ ለትከሻ ተጫጭኖ ይቀራል። የብረቱም ቆዳ እንዲሁ ተጨምቆ ይቀራል። ከዚያ በኋላ ስንጥቅ ሊከፈት ቢሞክር መጀመሪያ ያንን ጭመቃ ማሸነፍ አለበት። በትናንሽ የብረት ኳሶች መደብደብ የሚባል የቆየ ዘዴም አለ፤ የሱ ጭመቃ ብዙውን ጊዜ ከሚሊ ሜትር ሩብ አያልፍም። የሌዘሩ 1 ሚሊ ሜትርና ከዚያም በላይ ይገባል።

ዘዴው ከላቦራቶሪ የወጣው በቢ-1 ቦምብ ጣይ አውሮፕላን ምክንያት ነው። ሞተሩ የሚስበው ጠጠርና ቁርጥራጭ ውስጡ የሚሽከረከሩትን የቲታኒየም ቢላዎች ጠርዝ ይጭር ነበር። ጭረቷ ትንሽ ብትሆንም ቢላው ሊሰበር ይችላል። ስለዚህ ሠራተኞቹ የጥጥ ጓንት አጥልቀው ጠርዞቹን አንድ በአንድ ይዳስሱ ነበር። ጥጡን ያዝ ያደረገ ቢላ ይወጣል። የሰው ሕይወት በጓንት ክር ላይ ሲንጠለጠል ማሰብ ይከብዳል። እ.ኤ.አ. በ1997 የሞተሩ አምራች ጄኔራል ኤሌክትሪክ ጠርዞቹን በሌዘር ማጠንከር ጀመረ፤ የተጫረ ቢላም እንዳልተጫረ ያህል መጽናት ቻለ።

አሁን ወደ ስስ ላሜራ እንምጣ። ለእኔ ከሁሉ የሚገርመኝ ይሄ ክፍል ነው።

ወፍራም ብረት ላይ ሞገዱ ወደ ውስጥ ገብቶ ይደክማል። 2 ሚሊ ሜትር የአሉሚኒየም ላሜራ ላይ ግን ገና ሳይደክም ጀርባው ጋ ይደርሳል። እዚያ የሚጠብቀው አየር ነው። እጅ ለእጅ ተያይዘው የተሰለፉ ሰዎችን ከኋላ ብትገፏቸው ግፊቱ እስከ መጨረሻው ሰው ይደርሳል። እሱ ከፊቱ የሚደግፈው ስለሌለ ወደ ፊት ይወረወራል፤ እጁን የያዘውንም ይጎትታል። ሞገዱም እንዲሁ ነው፤ እየገፋ ሄዶ እየሳበ ይመለሳል። መሳብ ደግሞ የስንጥቅ ወዳጅ ነው። ምቱ ከበረታ ጀርባው ከውስጥ ተሰንጥቆ እንደ ቅርፊት ሊነሣ ይችላል።

ሌላም ችግር አለ። ቆዳው ሲጨመቅ ሌላው ክፍል በመሳብ ያካክሰዋል። ወፍራም ብረት ይህን የሚሸከም ብዙ ሥጋ አለው፤ ላሜራ የለውም። አንድ ፊቱ ብቻ ሲመታ ይጎብጣል።

መፍትሔው የምቱን ጉልበት መቀነስ ነው። ወይም ከጀርባው ሌላ ብረት አጣብቆ ሞገዱን ወደዚያ ማሳለፍ። ወይም ደግሞ ከሁለቱም ወገን በአንድ ጊዜ መምታት ነው፤ ያኔ ሁለቱ ፊቶች እኩል ስለሚጨመቁ ላሜራው ወደ የትም አያዘነብልም። ጉልበቱ ግን እዚህም መመጠን አለበት፤ የሁለቱን ፊት ጭመቃ የሚያካክሰው መሃሉ ያለው ያች ስስ ብረት ብቻ ነውና።

መጉበጡን ራሱን ሥራ ያደረጉትም አሉ። ምቱ የት እንደሚያርፍና ስንት እንደሚሆን ተሰልቶ ጠፍጣፋው ብረት የሚፈለገውን ጉብጠት ይይዛል። የቦይንግ 747-8 ክንፍ ቆዳ የተቀረጸው በዚህ መንገድ ነው፤ ቅርጹንም ጭመቃውንም በአንድ ሥራ አገኘ።