ስለ ባዮሎጂክ መድኃኒቶች የተሳሳቱ አመለካከቶች እና እውነታው

«መድኃኒት ሁሉ ያው ኬሚካል ነው»
አስፒሪን ኬሚካሎችን በማዋሃድ ይሠራል፤ አንዱ ሞለኪውል 21 አቶሞች ብቻ አሉት። ባዮሎጂክ መድኃኒት ግን የሕያው ሕዋስ ሥራ ነው። ለባክቴሪያ፣ ለእርሾ ወይም ከእንስሳ ለተገኘ ሕዋስ የሚፈለገውን ፕሮቲን የሚያሠራ ዘረ መል ይሰጠዋል፤ ሕዋሱ በትልልቅ ጋኖች ውስጥ እየተመገበ ይራባል፤ ከዚያ ፕሮቲኑ ተጣርቶ ይወጣል። ለካንሰርና ለመገጣጠሚያ ብግነት ከሚታዘዙት ፀረ እንግዳ አካላት (ዒላማቸውን ለይተው የሚይዙ ፕሮቲኖች) የአንዱ ሞለኪውል አቶሞች ብዛት 20,000 ገደማ ነው።

«አዲስ ነገር ስለሆነ ገና አልተፈተነም»
ኢንሱሊን ለስኳር ሕመምተኛ መሰጠት የጀመረው እ.ኤ.አ. በ1922 ነው። ያኔ ከታረዱ እንስሳት ይወጣ ነበር፤ በባክቴሪያ የሚመረተው ደግሞ በ1982 ተፈቀደ። ክትባቶችም የዚሁ ቤተሰብ ናቸው።

«በመርፌ የሚሰጠው ስለሚበረታ ነው»
የኃይል ጉዳይ አይደለም። ፕሮቲን ስለሆነ ቢዋጥ ጨጓራና አንጀት እንደማንኛውም ምግብ ይፈጩታል፤ ወደ ደም ሳይደርስ ያልቃል።

«ከሕያው ነገር ስለተገኘ አይጎዳም»
ከሁሉም በላይ የሚያሳስበኝ ይህ ነው። ቲኤንኤፍ የሚባለውን ብግነት ቀስቃሽ ፕሮቲን የሚያግዱ መድኃኒቶችን እንመልከት። ሰውነት የቲቢን ተሕዋስ ሁልጊዜ አይገድለውም፤ ብዙ ጊዜ በመከላከያ ሕዋሳት ከብቦ ያስረዋል። ያንን ከበባ አጽንተው ከሚይዙት አንዱ ቲኤንኤፍ ነው። መድኃኒቱ ሲያግደው ከበባው ይላላል፤ ለዓመታት ተኝቶ የኖረው ቲቢም ሊነሣ ይችላል። ስለዚህ ሕክምናው ከመጀመሩ በፊት የቲቢ ምርመራ ይደረጋል። «እኔ አላስልም» ብላችሁ ምርመራውን አትዝለሉት፤ የተኛ ቲቢ አያስልም።

«በረዶ ቢሆንም ቀልጦ ይመለሳል»
ፕሮቲን የሚሠራው በትክክል ከታጠፈ ብቻ ነው። ውርጭ፣ ሙቀትና ኃይለኛ መናጥ እጥፋቱን ያበላሹታል። ያልተከፈተ ኢንሱሊን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ሴልሺየስ ይቀመጣል፤ ከማቀዝቀዣው በረዶ ሰሪ ክፍል ጋር ተጠግቶ በረዶ ከሆነ ግን ይጣላል። ቀልጦ እንደ ውኃ የጠራ ሊመስል ይችላል፤ ዓይን የተበላሸውን ከደህናው አይለየውም።

«ባዮሲሚላር የተበረዘ ቅጂ ነው»
ባዮሲሚላር ማለት ከመጀመሪያው ባዮሎጂክ ጋር እጅግ እንዲመሳሰል ተደርጎ በሌላ አምራች የሚሠራ መድኃኒት ነው። የኬሚካል መድኃኒት ጄኔሪክ (በሌላ አምራች የሚሠራው ቅጂ) ከመጀመሪያው ጋር አንድ ዓይነት ሞለኪውል ነው። ሕያው ሕዋስ ግን ምንጊዜም ፍጹም አንድ ዓይነት ምርት አይሰጥም፤ የመጀመሪያው መድኃኒት ራሱ ከአንዱ የምርት ዙር (ምድብ) ወደ ሌላው በጥቂቱ ይለያያል። ስለዚህ ባዮሲሚላር የሚፈቀደው በውጤትም በደኅንነትም ለሕመምተኛው ትርጉም ያለው ልዩነት እንደሌለው ከተረጋገጠ በኋላ ነው። በአውሮፓ ኅብረት የመጀመሪያው የተፈቀደው እ.ኤ.አ. በ2006 ነበር። ከአንዱ ወደ ሌላው የምትሸጋገሩ ከሆነ ሐኪማችሁ ይወቅ፤ የንግድ ስሙንና የምድብ ቁጥሩንም መዝግባችሁ ያዙ። ችግር ቢፈጠር ከየትኛው ምርት እንደመጣ የሚታወቀው በዚያ ነው።