ጎንደር ግንብ ብቻ ናት እንዴ?

ጎንደር የገባ እንግዳ ሁሉ የሚለው አንድ ነው፤ «እዚህማ ከግንቡ በቀር ምን አለ?» መመለስ ሰልችቶኛል፤ ስለዚህ ስለ ከተማችን ከሚባሉ ሌሎች የተሳሳቱ ወሬዎች ጋር አንድ በአንድ ልጻፈው።

«ጎንደር በቱሪስት እንጂ በፋብሪካ አትኖርም»

ዳሽን ቢራ ከ1992 ዓ.ም. ጀምሮ እዚሁ ይጠመቃል። የብቅል ፋብሪካም አለን። ጥቅሙ ደግሞ በፋብሪካው ሠራተኛ ብቻ አያበቃም። ቢራው ከተጠመቀ በኋላ የሚተርፈውን ገብስ የከተማዋ ላም አርቢዎች ለመኖ ይወስዱታል። ጠዋት ማኪያቶ የጠጣ ሰው በላሟ በኩል ዳሽን ቀምሷል ማለት ነው።

«የፋብሪካ ብቅል በኬሚካል ነው የሚሠራው»

እናቴ ለጠላ ብቅል ስታበቅል ያየ ይህን አይልም። ገብሱን ትዘፈዝፋለች። ከዚያ ቅጠል አልብሳ ድንጋይ ትጭንበታለች። ከቀናት በኋላ ሲገለጥ ነጫጭ ሥሩ እንደ ክር ተያይዟል፤ እጅ ቢያስገቡበት ይሞቃል። ያኔ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ፋብሪካውም የሚያደርገው ይህንኑ ነው፤ ይዘፈዝፋል፣ ያበቅላል፣ ያደርቃል። የሚያደርቀው ግን በሙቅ አየር ነው። ገብሱ ሲበቅል ስታርቹን ወደ ስኳር የሚለውጡ ኢንዛይሞች ይፈጠሩበታል፤ እርሾው የሚበላው ያንን ስኳር ነው። ጠላና ቢራ የሚለያዩት በምሬቱ ነው። ጠላን የሚያመርረው ጌሾ ሲሆን የቢራው ሆፕስ የሚባል ሌላ ተክል ነው።

«የአንገረብ ግድብ እያለ ውኃ አይቸግርም»

እሱን ጀሪካን ይዞ ለተሰለፈ ሰው ንገሩት። ክረምት በመጣ ቁጥር ከተራቆተው ዳገት የታጠበው አፈር ግድቡ ውስጥ ይተኛል። ደለል በያዘው ቦታ ውኃ አይቀመጥም።

«የፋሲል መዋኛ ሁልጊዜ ሙሉ ነው»

አይደለም። የሚሞላው ጥምቀት ሲደርስ ከቀሃ ወንዝ ነው። በሌላ ጊዜ የመጣ ብዙውን ጊዜ ደረቅ ገንዳ አይቶ ይመለሳል።

«ሸክላ ሠሪና ቀጥቃጭ ቡዳ ነው»

ይሄኛው ከስህተትም አልፎ ነውር ነው። ቤተ እስራኤላውያን የመሬት ርስት ሲነፈጉ በሸክላ፣ በብረትና በሽመና ኖሩ። ማታ ጅብ ይሆናል የተባለው ቀጥቃጭ፣ ጠዋት ለሚያሙት ሰዎች ማረሻ የሚሠራላቸው ራሱ ነበር። ሸክላ ሠሪዋን የሚፈራት ቤትም ወጡን የሚሠራው በእሷ ድስት ነው። አብዛኞቹ ወደ እስራኤል ሄደዋል። ወደ ደባርቅ ስትወጡ ወለቃ ላይ፣ መንገድ ዳር፣ ሸክላው ዛሬም ይሸጣል።